«ሰኞ ና፣ ትራኩን ውሰድ» ካሉህ ቆም በል

የሹፌሮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ቅጥር ናቸው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ1991 ዓ.ም. በጅቡቲ መስመር ረዳት ሆኜ ነው። አራት ዓመት ረዳት፣ አምስት ዓመት ሹፌር ነበርኩ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አርባ ስምንቱን ስቴት ዞርኩ። አሁን ቢሮ ተቀምጬ የሹፌሮችን ፋይል እይዛለሁ፤ እዚህ «ሴፍቲ» የሚሉት ሥራ ነው። ሰው ሲቀጠር ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን ሳይጠየቅ እንደሚታለፍ በየቀኑ አያለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*

«ጋሼ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። የደወልኩላቸው ካምፓኒዎች ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ አምጣ ይላሉ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ትንሽ ካምፓኒ ደወለልኝ። አሥር ደቂቃ አወራንና ‹ሰኞ ና፣ ትራኩን ውሰድ› አሉኝ። የሽንት ምርመራው በኋላ ይደርሳል ብለዋል። እግዜር ሰጠኝ ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ግን መጀመሪያ ጠይቅ አለኝ።» — አዲስ ሹፌር፣ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ጓደኛህ የልብ ወዳጅ ነው። ሰኞ አትሂድ።

የቅጥር የዕፅ ምርመራህ ውጤት ንጹሕ ሆኖ ካምፓኒው እጅ ሳይገባ መሪ መጨበጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። «በኋላ ይደርሳል» የሚባል ነገር የለም። ክሊሪንግሃውስ የሚባለው የዕፅና የአልኮል መዝገብም እንደዚሁ ከመቀጠርህ በፊት ነው የሚታየው። ማመልከቻ ሞልተህ ትፈርማለህ። የሐኪም ካርድህ ይታያል። የመንዳት ፈተና ትፈተናለህ፣ ወይም ሲዲኤልህ በፈተናው ምትክ ይያዝልሃል። የመንጃ ፈቃድ ታሪክህን ከስቴቱ ማስመጣትና ያለፉትን ሦስት ዓመታት አሠሪዎችህን መጠየቅ ደግሞ አለ፤ ለእነዚህ ሥራ ከጀመርክ በኋላ እስከ 30 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ በስምህ ፋይል ይከፈታል።

ከነጭነቱ 36 ቶን የሚመዝን መኪና ስለ አንተ ምንም ሳይጠይቅ የሚያስረክብህ ሰው፣ ስለ ፍሬኑስ የጠየቀ ይመስልሃል?

ይኼ በእኔ ደርሷል። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ባለ ካምፓኒ ተቀጠርኩ። እሑድ ማታ ተደወለልኝ፣ ሰኞ ጧት ቁልፍ ተሰጠኝ። ትራኩን ዞር ዞር ብዬ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩና ተነሣሁ። የመጀመሪያው ስኬል (የከባድ መኪና መመዘኛና መፈተሻ ጣቢያ) ላይ ወደ ጎን አወጡኝ። ተቆጣጣሪው ጠመኔ ይዞ ከሥር ገባ። በየጎማው ፍሬን ላይ፣ ከአየር ቋቱ በምትወጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ መሥመር አሰመረ። ከዚያ «ፍሬን ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። ዘንጓ ስትወጣ መሥመሩ ምን ያህል እንደራቀ በሜትር ለካ። ለዚያ ዓይነት ቋት ልኩ 2 ኢንች ነው። ሁለቱ ከልክ አለፉ። ባለ አምስት አክሰሉ ትራክ አሥር ፍሬን ነው ያለው፤ ሁለቱ ከተበላሹ 20 በመቶ ሞላ ማለት ነው፣ መኪናው ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይልም። መካኒክ እስኪመጣ እዚያው አደርኩ። ካምፓኒው ስልክ ላይ «ማየት የነበረብህ አንተ ነህ» ብሎ ዘጋብኝ።

ያናደደኝ ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው። ማየት ነበረብኝ። የፍሬን ጥፋቱ በካምፓኒው መዝገብ ብቻ ሳይሆን በእኔም ስም ተጻፈ። የፍተሻ ታሪክ ሦስት ዓመት፣ የአደጋ ታሪክ አምስት ዓመት ይቆያል፤ የሚቀጥለው አሠሪህ 10 ዶላር ከፍሎ ያየዋል። አንተም በዚያው ዋጋ የራስህን ማየት ትችላለህ።

ሀገር ቤት አብሬው የሠራሁት ሹፌር ረዳት የሚመርጥበት የራሱ መንገድ ነበረው። በመጀመሪያው ጉዞ ሆን ብሎ ዳገት ላይ ይቆማል። ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ሥር ያስገባል። ሹፌሩ ትንሽ አየት አየት አድርጎ ሞተሩን ያስነሣል፣ አንድ ቃል አይናገርም። ዓይኑ ግን መስታወቱ ላይ ነው። ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥሎ ዘሎ የሚገባ ረዳት አዋሽ ሲደርስ የመሳፈሪያ ተሰጥቶት ይሰናበታል። ያ ድንጋይ ማታ መብራት የሌለው ሚኒባስ ሥር እንደሚገባ ያውቃላ። እኔ ድንጋዩን አንሥቼ ከመንገዱ ራቅ አድርጌ ጥዬ፣ እየሮጥኩ ደርሼ ተሳፈርኩ። እንደተፈተንኩ የነገረኝ ከዓመት በኋላ ነው። ማመልከቻ የለ፣ ምርመራ የለ፤ ግን መርጦ ነበር የሚቀጥረው። ከአንተ ጋር አሥር ደቂቃ በስልክ ያወሩት ሰዎች ይህችን ታህል እንኳ አላዩህም።

የሁለት ዓመቱን ልምድ የሚጠይቁት በአብዛኛው ካምፓኒዎቹ ሳይሆኑ ኢንሹራንሶቹ ናቸው። ስለዚህ አትዘንባቸው። ለአዲስ ሹፌር በራቸው ክፍት የሆነ ትልልቅ ካምፓኒዎች አሉ፤ ከአሠልጣኝ ጋር ሳምንታት ያስነዱሃል፣ ክፍያው ዝቅ ይላል። ግባበት። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሁሉ በፌዴራል ከተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ መማር አለበት። ሕጉ ግን ስንት ሰዓት እንደምትነዳ አልወሰነም፤ «በቅቷል» የሚለው አሠልጣኙ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ሦስት ሳምንት ተምረህ ፈተናውን ማለፍህን አላቃልልም፣ ግን በረዶ ላይ ትሬለር ሲያንሸራትት አላየህም። ያንን አጠገብህ ሰው ተቀምጦ ብታየው ይሻላል።

የደወለልህን ካምፓኒ የዲኦቲ ቁጥሩን፣ በፌዴራል የተመዘገበበትን መለያ፣ ጠይቀው። በፌዴራሉ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ስታስገባ፣ ከተፈተሹት መኪኖቹ ስንት በመቶው እንደታገዱ ከሀገሪቱ አማካይ ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኘዋለህ። ነጻ ነው። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያመነታ ከሆነ መልሱን አገኘህ።

*

«አራት ትራክ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሲሠራ ማሪዋና ተገኝቶበት ከሥራ ወጥቷል። አሁን ቅጠረኝ ይላል። ቤተ ዘመድ ሁሉ ተነሥቶብኛል፤ እናቴ ሳትቀር ‹ወንድምህን ጣልከው› ብላ አለቀሰችብኝ። እዚህ ስቴት ማሪዋና የተፈቀደ ነው። ከስቴቱ ሳይወጣ ላሠራው አስቤያለሁ።» — ባለ አራት ትራክ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ የእናት ዕንባ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግን አይሆንም።

ስቴቱ መፍቀዱ ለሲዲኤል ሹፌር አይሠራም። የምርመራው ሕግ የፌዴራል ነው፤ ማሪዋና አሁንም ተከልክሏል። ከስቴቱ አለመውጣቱም አያድንህም፣ ሲዲኤል የሚጠይቅ መኪና እስከነዳ ድረስ ያው ሕግ ይይዘዋል። ደግሞ ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ በክሊሪንግሃውስ «የተከለከለ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሲዲኤሉን ስቴቱ ራሱ ዝቅ ያደርግበታል። ምናልባት የአክስትህ ልጅ አሁን የያዘው ካርድ ትራክ የማያስነዳ ነው። እርሱም ላያውቀው ይችላል።

አንድ ዶላር ከሩብ ነው፤ መዝገቡን ለማየት የሚከፈለው ይኸው ነው። ለሙሉው ምርመራ እርሱ በራሱ አካውንት ገብቶ መፍቀድ አለበት። ይፍቀድና አብራችሁ እዩት።

የመመለሻ መንገድ ግን አለ። ለዚህ ሥራ ብቃት ያለው ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል፤ «ሳፕ» ይሉታል። ባለሙያው አነጋግሮ ትምህርት ወይም ሕክምና ያዝለታል። ሲጨርስ መልሶ ያየዋል። ከዚያ ሰው እያየው የሚሰጠው የመመለሻ ምርመራ አለ። እሱን ካለፈ መንዳት ይችላል፣ ግን በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሳይነገረው ይመረመራል። ወጪው ቀላል አይደለም። ቤተ ዘመዱ እውነት ካዘነለት ለዚህ ያዋጣ። አንተም ድርሻህን አዋጣ፣ ሲጨርስም ቅጠረው። እኔ በዚህ መንገድ የተመለሱ ሁለት ሹፌሮች አሉኝ። ሁለቱም ጥሩ ሠራተኛ ናቸው።

ሀገር ቤት ሹፌር ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ደሞዝ ያለው ሰው ወይም ንብረት ያለው። እኔም ስቀጠር አጎቴን ይዤ ነበር የሄድኩት። ዋሱ ግን የሚይዘው ለንብረቱ ነው። ጭነት ቢጎድል፣ ጎማ ቢሸጥ ዋሱ ይከፍላል። ሰውየው እንቅልፋም ይሁን፣ ጠጪ ይሁን፣ ዋስ ሊያውቅ አይችልም፣ የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ ዘመድ ዘመዱን ይዞ ይመጣል። ያንን ልማድ ይዘን መጥተናል። «የእገሌ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡን አውቃለሁ» ብለን ቁልፍ እንሰጣለን። እዚህ አደጋ ሲደርስ የተጎጂው ጠበቃ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቅጥር ፋይሉን ነው። ሲቀጥረው ምን ያውቅ ነበር? ምን ማወቅ ይችል ነበር? አንተ ደግሞ ታውቃለህ። ጽፈህልኛል።

*

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ትራክ ይነዳል። እሑድ ማታ ከዚህ ይወጣል፣ ረቡዕ ጧት ካሊፎርኒያ ደረስኩ ብሎ ይደውላል። ብቻውን ነው። ‹ሎጉን (የመንዳት ሰዓት መዝገቡን) እነርሱ ያስተካክሉልኛል› ይላል። ሲወጣ ጫት ይዞ ነው የሚወጣው። ስናገረው ‹ሥራውን ትተሽ ቤት ኪራዩን ክፈዪ› ይለኛል። ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቻለሁ።» — የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ከእናንተ ሰፈር ካሊፎርኒያ ወደ 2,700 ማይል ነው። በሰዓት 60 ማይል ቢሄድ፣ ሳይቆም፣ 45 ሰዓት መንዳት ማለት ነው። ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ ጧት 60 ሰዓት ገደማ አለ። ነዳጅ መቅጃውን፣ መብያውን ቀንሺ። የተኛው ከአሥር ሰዓት አይበልጥም፣ ለሦስት ሌሊት። ሕጉ የሚለው በአንድ ፈረቃ 11 ሰዓት ብቻ መንዳት ነው፤ ሥራ ከጀመረ 14 ሰዓት ካለፈ አይነዳም፤ ስምንት ሰዓት ከነዳ 30 ደቂቃ ያርፋል፤ ከዚያ በተከታታይ 10 ሰዓት ከሥራ ውጭ ይሆናል። በሕጉ ከሄደ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ «ያስተካክሉልኛል» ያለሽ እውነቱን ነው።

እንዴት እንደሚሠራም አውቃለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅበት ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድበው የቢሮ ሰው) ጋ ይደውላል፣ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ገብቶ የነዳውን ሰዓት እንዳልነዳ አድርጎ «ይመልስለታል»። ኤሌክትሮኒክ ሎጉ የመጣው ይህ እንዳይሆን ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማሽኑ ራሱ የሚመዘግበውን ሰዓት ወደ ዕረፍት መቀየር ሕገ ወጥ ነው። ይህን የሚያስችሉ ማሽኖችን ፌዴራሉ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ በየጊዜው ያወጣል፤ ሌላ ስም ይዘው ይመጣሉ። አንድ ነገር ግን ባለቤትሽ ልብ ይበል፦ ሎጉን በመጨረሻ «ትክክል ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ስሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። አደጋ ቢደርስ ነዳጅ የቀዳበት ደረሰኝ፣ የክፍያ መንገድ ካሜራ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ሰዓቱን ይናገራሉ። ሎጉ ብቻ ነው የሚዋሸው፣ እርሱም በባለቤትሽ ስም።

ስለ ጫቱ። ሀገር ቤት ሕጋዊ ስለሆነ እንደ ቡና የምናየው ብዙ ነን። እዚህ ካቲኖን፣ ማለትም ትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ነገር፣ ከባዱ የዕፅ መደብ ውስጥ ነው። ትራክ ውስጥ ቢገኝ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ደግሞ ጫት እንቅልፍን አያጠፋም፣ ያቆየዋል እንጂ። ሲለቅ አንድ ላይ ነው የሚለቀው።

አብሮኝ ረዳት ሆኖ የጀመረ ልጅ ነበር። እኔ ከመሾፈሬ በፊት እርሱ ቀደመኝ፣ ጎበዝ ነበር። አንድ ቀን ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭነን ተከታትለን ስንመጣ፣ የእኔ ሹፌር «እኔ ተኛሁ» ብሎ ከመንገድ ወጣና ምንጣፉን ትሬለሩ ሥር ዘረጋ። ልጁ ጡሩምባ ነፍቶልን አለፈ። ጧት ከሰመራ ሳንደርስ ሜዳው ላይ አገኘነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። መታጠፊያ የለ፣ ቁልቁለት የለ። ጎማው ከአስፋልቱ የወጣበት ምልክት ቀስ ብሎ፣ እንደ መሥመር ተሰምሮ ነው የሚሄደው። ፍሬን የተያዘበት ምልክት አንድም አልነበረም። ነጩ ማዳበሪያ አሸዋው ላይ ተበትኗል። ሹፌሬ ኮፍያውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ያንን ምልክት ብቻ ያይ ነበር።

ይህን ንገሪው። ኪራዩን ያነሣብሽ የእውነት ጭንቀት ስላለበት ነው፣ ስለዚህ በንዴት ሳይሆን ዕረፍት ላይ ሲሆን አውሪው። ሎጉን እንዲያስተካክል ወይም ከሰዓቱ በላይ እንዲነዳ የሚያዙትን መልእክት ሁሉ አይደምስስ። ከ2016 ጀምሮ ሹፌርን ሕግ እንዲጥስ ማስገደድ ራሱ ያስቀጣል፤ በ90 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የትራክ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል። «አልነዳም» በማለቱ ቢያባርሩት ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ (ለፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ክስ ያቀርባል። ሥራ ይጥፋ አልልሽም። ንጹሕ መዝገብ ያለው ሹፌር ሥራ አያጣም፣ እኔ ራሴ በየሳምንቱ እፈልጋለሁ። የሚከብደው መዝገቡ ከተበላሸ በኋላ ነው።

*

«የድሮ ካምፓኒዬ ‹ትራክ ጥሎ ጠፋ› ብሎ ስለጻፈብኝ የትም አልቀጠር አልኩ። እኔ ግን ቁልፉን አስረክቤ ነው የወጣሁት።» — ከአትላንታ

የጻፉብህን ሪፖርት የሹፌሮችን የሥራ ታሪክ ከሚይዘው ድርጅት አስመጣ፣ ነጻ ነው። ስህተት ነው ብለህ በጽሑፍ ተቃወም፤ ሪፖርቱን የያዘው ድርጅት በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ከደኅንነት ጋር የተያያዘ መረጃ ከሆነ ደግሞ የአንተ መልስ አብሮ እንዲያያዝ የማድረግ መብት አለህ። ያስረከብክበትን ቀን የሚያሳይ መልእክት ወይም ፎቶ አያይዝ። ሌሎቻችሁም ትራክ ስትመልሱ ኪሎሜትሩን፣ ቁልፉን፣ የቆመበትን ቦታ ፎቶ አንሡ። ሁለት ደቂቃ ነው።

*

«ካምፓኒው ትራኩን በየሳምንቱ 1,100 ዶላር እየቆረጠ በሦስት ዓመት የራስህ ይሆናል ብሎኝ ፈረምኩ። ሠላሳ ገጽ ነበር፣ አላነበብኩትም። ባለፈው ሳምንት ሠርቼ የ214 ዶላር ዕዳ ይዤ ገባሁ።» — ባለ ትራክ ልሆን ያሰብኩ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

አሁን ያንን ሠላሳ ገጽ አንብበው፤ ሰው ያንብብልህ፣ የሸጠልህ ሰው ግን አይሁን። የምትፈልገው ይኸን ነው። አንደኛ፣ ሥራውን ብትለቅ ትራኩ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ ላይ እስከዚያ የከፈልከው ሁሉ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የማን ሎድ ነው የምትጭነው? የራሳቸውን ብቻ ከሆነ፣ ገቢህንም ወጪህንም የሚወስኑት እነርሱ ናቸው ማለት ነው። የቀነሰ ሎድ ይሰጡሃል፣ ቁርጡ ግን አይቀንስም።

መብትህንም እወቅ። የሚከፈልህ ከሎዱ ዋጋ በመቶኛ ከሆነ፣ ዋናውን የዋጋ ወረቀት ኮፒ መስጠት አለባቸው። ወረቀቶችህን ባስገባህ በ15 ቀን ውስጥ ይከፍሉሃል። መያዣ ብለው የቆረጡትን ሂሳብ አሳይተው፣ ውሉ ካበቃ በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ጎማም ኢንሹራንስም ከእኛ ብቻ ግዛ ብለው ማስገደድ አይችሉም።

በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ የተቋቋመ አጥኚ ቡድን ነበር። በ2025 መጀመሪያ ያወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው ውል ጭራሽ እንዲታገድ ነው የመከረው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የገዛ ወንድሞቻችን በአማርኛ እየሰበኩ ይህን ውል ሲያስፈርሙ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቶሎ ጠበቃ ፈልግ፤ በየሳምንቱ በቆየህ ቁጥር ዕዳው ነው የሚያድገው።

*

«ዕድሜዬ 58 ነው። ዘጠኝ ዓመት ያለ አንድ አደጋ ነድቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ግን የገበያ ነው። ዘንድሮ ስኬል ላይ በቋንቋ ያግዳሉ መባሉን ከሰማሁ ወዲህ ስኬል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ልጄ ‹ስልክህ ይተረጉምልሃል› ትለኛለች። እውነት ነው?» — አባት፣ ሲያትል

ጌታዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ያለ አደጋ መንዳት ትልቅ ነገር ነው። በቅድሚያ ይህን ማለት እወዳለሁ።

ስልኩ አያገለግልም። ሕጉ ከድሮም ነበረ፤ ሹፌር ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለመረዳት፣ ተቆጣጣሪ ለሚጠይቀው ለመመለስና ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ይኑረው ይላል። በ2016 በዚህ ምክንያት ከመንገድ ማገድ ቆሞ ነበር። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ አወጡ፣ ከጁን 25 ጀምሮም ማገዱ ተመለሰ። ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ያነጋግርዎታል። ካልተግባባችሁ በቃለ መጠይቅና በመንገድ ምልክቶች ይፈትንዎታል። ቃለ መጠይቁ ላይ አስተርጓሚም፣ የስልክ መተርጎሚያም አይፈቀድም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ምልክት ማንበብ መጠየቁ አይደለም፤ እሱ መጠየቅ ያለበት ነው። የሚያበሳጨኝ እንደ እርስዎ ያሉትን ሰዎች ዓመታት ሙሉ ሲያሠሩ ቋንቋቸውን አንድ ቀን ያልጠየቁ ካምፓኒዎች፣ አሁን በአንድ ስልክ ማሰናበታቸው ነው። ከመጀመሪያው ቢጠይቁ ሰው ይማር ነበር። እኔ ቢሮ አበሻ ሲመጣ እንኳ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የማነጋግረው። «ምነው፣ አማርኛ ጠፋብህ እንዴ?» ብለው የሚቀየሙኝ አሉ። ይቀየሙ።

ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ መጨረሻ ያረፍከው የት ነው፣ ወረቀትህን አሳየኝ። ልጅዎን ማታ ማታ ተቆጣጣሪ ያድርጓት። እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እርሷ ትቁም፤ ስኬል ላይ እንደዚያ ነውና። በአንድ ዓይነት ቃል ብቻ አትጠይቅዎ፣ ትቀያይረው። አንዱ «ዌር ዩ ካሚንግ ፍሮም» ይላል፣ ሌላው «ዌር ዲድ ዩ ስታርት ቱዴይ»። በቃል የተሸመደደ መልስ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ያልሰሙት ካለ «ፕሊዝ ሴይ ኢት አጌን» ይበሉ፤ መልሶ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ዝም ማለት ነው የሚጎዳው።

ምልክቶቹን በጽሑፋቸው ያጥኑ፣ በቀለማቸው አይተማመኑ። «ሎው ክሊራንስ» ድልድዩ ዝቅ ያለ ነው፣ ቁመትህን እወቅ ማለት ነው። «ራናዌይ ትራክ ራምፕ» ፍሬን ለከዳው ትራክ የተሠራ መውጫ ነው። «ብሪጅ ሜይ ቢ አይሲ» መንገዱ ደረቅ ቢመስልም ድልድዩ በረዶ ሊይዝ ይችላል ነው። እዚያ እናንተ ጋ ተራራው ላይ ሰንሰለት የሚያስገድደውም አለ፤ «ቼይንስ ሪኳየርድ»።

በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለሁለት ወር ይያዙት። ከተማው ቤተ መጻሕፍት ነጻ የእንግሊዝኛ ክፍል ካለው ይመዝገቡ። ስኬል ገብተው አነጋግረዎት ያለፉ ዕለት፣ ምን እንደጠየቁዎትና ምን እንደመለሱ ይጻፉልኝ። እዚሁ አወጣዋለሁ፤ እንደ እርስዎ ልባቸው የሚመታ ብዙ አባቶች ያነቡታል።